ውጤት ያልጠበቀ ድግስ

ጸጉሬ ቀለም ተለቅልቆ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ የማላነበው መጽሔት ጭኔ ላይ ተዘርግቶ ተቀምጬ ሳለ ጊና ከጎኔ ካለው ወንበር ዘንበል ብላ «ማክሰኞ ዕለት ልጅሽን ቲሆን አሞት ነበር እንዴ?» አለችኝ። ጊና የልጄ የክፍል ጓደኛ እናት ናት። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ግን ጠያቂ ናት፤ ጠይቃ መልሱን ከፊትሽ ላይ ቀድማ የምታነብ ዓይነት። «ኧረ ምንም አልሆነ፣ ምነው?» አልኳት። «አይ፣ የኔዋ ልጅ ፈተናው ላይ ወንበሩ ባዶ ነበር ስትለኝ ጊዜ ነው። ምናልባት ሌላ ክፍል መድበውት ይሆናል» አለችና ጥፍሯን ወደ ማድረቅ ተመለሰች። ቃሏን ጣል አድርጋ ጥፍሯን ታደርቃለች። እኔ ደግሞ ራሴን በላስቲክ ጠቅልዬ መሮጫ እንኳ የለኝም።

ማክሰኞ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የማጠናቀቂያ ፈተና የተጀመረበት ቀን ነው። የቋንቋ ፈተና። እሱን ያልተቀመጠ ተማሪ የቀረውን ሁሉ ቢደፍን ዲፕሎማ የለውም። የዚያን ቀን ጠዋት ሸሚዙን የተኮስኩለት እኔ ነኝ፤ ግንባሩን ስሜ፣ ውሃና ቸኮሌት አስይዤ በር ድረስ የሸኘሁትም እኔ ነኝ። ቀትር ላይ ተመልሶ ሲመጣ «እንዴት ነበር?» አልኩት፤ «ደህና» አለኝ፤ ሾርባውን ጠጥቶ ተኛ። እኔም በልቤ «እሰይ፣ ተገላገልን» ብዬ ለምረቃው ድግስ የበጉን ነገር ለመጨረስ ወደ መንደር ስልክ ደወልኩ። አሁን ጸጉር ሠሪዋ ሚሌና ራሴን እያጠበች «ውሃው አቃጠለሽ እንዴ? ፊትሽ ቀላ» ትለኛለች። ውሃውስ ደህና ነበር።

ሚሌና በአዘቦት ቀን ሃያ አምስት ሌቫ ታስከፍላለች፤ በምረቃ ሰሞን ስልሳ። ምን ታድርግ፣ እኛው ነን ያስለመድናት። ከፍዬ ወጣሁና በአውቶቡስ መሄዱን ትቼ በእግሬ ያዝኩት። እውነቱን ልናገር፣ መናደድ ነበረብኝ፤ ገና አልተናደድኩም። የበላኝ የማወቅ ጉጉት ነው። ልጄን አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የት እንዳለ ሳላውቅ የቀረሁበት ግማሽ ቀን የለም። ታዲያ ማክሰኞ ጠዋት በዚያ በተተኮሰ ሸሚዝ፣ በዚያ በተወለወለ ጫማ የት ዋለ? ከማን ጋር? ሴት ይሆን? የካርታ ቁማር ይሆን? ሕይወቱን ሊያጠፋ ወንዝ ዳር ሄዶ ይሆን እንዴ ብዬ ደግሞ መሐል መንገድ ላይ ቆምኩ። የከተማችን የፕሌቨን ጎዳና በዚያ ቀን ለቆመ ሰው አይሆንም። ገና በጠዋቱ በመኪና መስኮት ወገባቸውን አውጥተው የሚጮሁ ተመራቂዎች ያልፋሉ፤ ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት እየቆጠሩ፣ እያንዳንዱን የትምህርት ዓመት በስሙ እየጠሩ፤ አሥራ ሁለት ላይ ሲደርሱ ጡሩምባው ይነፋል። ሰዉ ያጨበጭብላቸዋል። እኔም አጨበጨብኩ። እጄ ለምዶበት ነው።

የኛ ነገር መቼም ግራ ነው። ድግሱ በግንቦት፣ ውጤቱ በሰኔ። ሠርጉ ተበልቶ ካለቀ በኋላ ሙሽሪት እሺ ትል እንደሆነ እንደ መጠየቅ ነው። ግን ማን ደፍሮ ይቀራል? ባለፈው ዓመት አራተኛ ፎቅ ያሉት ልጃቸውን በነጭ ፈረስ ሸኙ፤ ፈረሱ የሕንፃችንን ጽጌረዳ ግጦ ጨረሰው፤ ሰዉ እስከ ዛሬ የሚያወራው ግን ስለ ጽጌረዳው አይደለም። እኛ ደግሞ ፈረስ ባይኖረንም ሱፉን አራት መቶ ሰማንያ ሌቫ ገዝተናል። ማታ ከጓደኞቹ ጋር ለሚጨፍርበት አዳራሽ መቶ ሃያ። ቆርቆሮዋ የሚያብረቀርቅ፣ ጣሪያዋ የሚከፈት አሮጌ ነጭ መኪና ከነሾፌሯ በሰዓት ሂሳብ ተከራይተናል። ክላርኔት ነፊውና ከበሮ መቺው፣ ፎቶ አንሺው፣ በጉ... ባሌ ኔዲያልኮ ውጭ አገር፣ ሽቱትጋርት ላይ የሰው መታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ያነጥፋል። ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜውን ለዚህች ቀን ሠርቷል። ትናንት ማታ ከሚኒባስ ሲወርድ እግሩ አብጦ ጫማው አልወልቅ ብሎት ነበር፤ እሱ ግን የመጀመሪያ ቃሉ «ሱፉን አሳዪኝ» ነው።

ቤት ስደርስ ኔዲያልኮ በካናቴራ ሆኖ ቲማቲም ይከትፋል፤ ያፏጫል። አማቴ ዮርዳንካ ሩዙን በወይን ቅጠል እየጠቀለሉ በድስት ይደረድራሉ፤ ጣቶቻቸው ከኔ ጣቶች ይፈጥናሉ፤ ይህንንም በየዓመቱ ይነግሩኛል። ሳሎኑ ቤት መሆኑ ቀርቶ መጋዘን ሆኗል፤ አልጋችን ተፈቶ ግድግዳ ተደግፏል፤ ወንበር ከሦስት ጎረቤት ተለምኗል። ጠረጴዛ ስላልበቃን ኔዲያልኮ የቲሆን መኝታ ቤት በር ከማጠፊያው ነቅሎ በሁለት ሳጥን ላይ አጋድሞታል፤ ነጭ ጨርቅ ሲለብስ በር መሆኑን ማንም አያውቅም። «አየሽ ብልሃት!» አለኝ። አየሁ። ልጄን ለብቻው ይዤ ላናግርበት የነበረው ብቸኛ ክፍል በር አልባ ሆኖ ቀርቷል። ቲሆ ውስጥ አልጋው ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይለካል፤ ጣሪያውን የሚነካ ልጅ በዚያች ጠባብ አልጋ ላይ። ዓይን ለዓይን ተያየን። ቶሎ ብሎ ወደ ጫማው ዞረ። ያኔ ገባኝ፤ ጊና አልዋሸችም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት እንዴት እንዳሳለፍኩት አትጠይቂኝ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ሰላጣ ቆራረጥኩ፤ ነጩን አይብ ፈቀፈቅሁ፤ ባኒትሳ የምንለውን የአይብ ቂጣ ከምድጃ አውጥቼ በፎጣ ሸፈንኩ። ኔዲያልኮ በየደቂቃው ይጠራኛል። «ራሊትሳ፣ የክራባቱ ቀለም ከመኪናዋ ወንበር ጋር ይሄድ ይመስልሻል?» ይላል። ለመኪና ወንበር ክራባት! «ይሄዳል» እላለሁ። ደስታው ደግሞ አንጀት ይበላል። ዓመት ሙሉ ስልክ ላይ «በላችሁ? ደህና ናችሁ?» ብቻ የሚል ሰው፣ ዛሬ እንደ ልጅ ይቦርቃል። አማቴ በበኩላቸው ዝም ብለው ያዩኛል። ከሃያ ዓመት በፊት ጨው ረስቼ የበግ ወጥ የሠራሁበትን ቀን ያስታወሱ መሰለኝ።

በመጨረሻ «ቲሆ፣ ና እስቲ ኮሌታህን ላስተካክልልህ» ብዬ መታጠቢያ ቤት አስገባሁትና መቀርቀሪያውን ዘጋሁ። ገንዳው በቀዝቃዛ ውሃ ተሞልቶ ቢራና የራኪያ አረቄ ጠርሙስ ይንሳፈፍበታል። እሱ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ፤ እኔ ልብስ ማጠቢያ ማሽኑን ተደገፍኩ።

«ማክሰኞ የት ነበርክ?»

ጠርሙሶቹን አየ። «ማን ነገረሽ?»

«ጠያቂዋ እኔ ነኝ።»

«ባቡር ጣቢያ» አለ። ሴት የለ፣ ካርታ የለ፣ ወንዝ የለ። ባቡር ጣቢያ! «ምን ልታደርግ?» ስለው «ምንም። ተቀመጥኩ። የቫርና ባቡር መጣ፣ ሄደ። የሶፊያው መጣ፣ ሄደ» አለኝ። ትምህርት ቤቱ በር ደርሶ ነበር። ጓደኞቹ የውሃ ጠርሙሳቸውን ይዘው ሲገቡ አይቷል፤ መምህርቷም ስሙን ጠርታ እጇን አውለብልባለታለች። እግሩ እምቢ አለው። «እማ፣ ሱፉ ተገዝቷል። አዳራሹ ተከፍሏል። አባዬ ትኬት ቆርጧል፤ አያቴ ለመንደሩ ሁሉ ነግራለች። ሁሉ ነገር አልቆ የቀረው የኔ ማለፍ ብቻ ነበር። ብወድቅስ አልኩ። ካልተቀመጥኩ ግን ወደቀ ሊባል አይችልም ብዬ አሰብኩ።»

«እና ይሄ ብልሃት ነው?»

«ጣቢያው ውስጥ ብልሃት መስሎኝ ነበር።»

ሐሙስ ዕለት የነበረውን ሁለተኛውን ፈተና ተቀምጧል፤ እሱስ አልከበደውም። ያመለጠውን ፈተና በነሐሴ በድጋሚ ይሰጣሉ አለኝ። ልጮህበት አስቤ ነበር፤ አፌን ስከፍት ግን የወጣው ሌላ ሆነ። «ምን በልተህ ዋልክ?» አልኩት። «አንቺ ያስያዝሽኝን ቸኮሌት» አለኝ፤ አንገቱን ደፍቶ። በአራት መቶ ሰማንያ ሌቫ ሱፍ ውስጥ የሰባት ዓመት ልጅ ሆኖ ታየኝ፤ አለቀስኩ፤ ሚሌና የሳለችልኝ ዓይን ሁሉ ተዝረከረከ። እጄን ያዘኝና ይለምነኝ ጀመር። «አባዬ ሰኞ ይመለሳል። ከሄደ በኋላ በስልክ ንገሪው። ዛሬን ብቻ ይደሰትባት፣ እማ፣ ዛሬን ብቻ።»

«እኔ አልነግረውም» አልኩት። «ወሬው ያንተ ነው። ግን ከጠየቀኝ አልዋሸውም። ደግሞ ዛሬ የሚደሰተው በምን እንደሆነ አስብበት።» በሩ ተንኳኳ፤ አማቴ ናቸው። «እናንተ፣ ቢራው ውስጥ ገባችሁ እንዴ?» አሉ። ፊቴን ታጥቤ ወጣሁ።

እንግዶቹ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደረሱ። ለሃያ ሰው በተሰናዳ ቤት አርባ ሰው ገባ፤ ወንዶቹ በረንዳውን ያዙ፣ ልጆቹ የተፈታው አልጋ ላይ ወጡ። የባሌ እህት ስቴፍካ ከበር ጀምራ ድምጿ ይሰማል፤ ሰውነቷን ከላይ እስከ ታች በወርቅ አስጊጣለች፤ ኤንቬሎፕ በእጇ ይዛ ሁሉም እስኪያየው ታራግባለች። «ሱፉ ከየት ነው? ከገበያ ማዕከሉ? ደህና ነው፣ ደህና ነው። የኔዋ ልጅ ቀሚስ ከሶፊያ ነበር፤ ግን ያኔ ጊዜው ሌላ ነው» አለችኝ። «ቀሚሷ አሁንም ይገባታል?» አልኳት፤ አላስችል ብሎኝ ነው። ልጅቷ ሁለት ጊዜ ወልዳለች። ስቴፍካ ኤንቬሎፑን ማራገቡን ለአፍታ አቆመች። ክላርኔት ነፊውና ከበሮ መቺው ደረጃው ላይ ቆመው ሲጀምሩ ሕንፃው ሁሉ ተንቀጠቀጠ፤ ከየፎቁ በር ተከፈተ። ቲሆን አቅፈው ይስሙታል፤ ኪሱ ውስጥ ገንዘብ ይከቱለታል፤ «ጎበዝ! አኮራኸን!» ይሉታል። አንድ «ጎበዝ» በተጨመረለት ቁጥር ጆሮው ይበልጥ ይቀላል። እኔ ትሪ ይዤ እየዞርኩ ከሱ ላይ ዓይኔን አልነቀልኩም። ምን ሊያደርግ ይሆን? እናቱ ሆኜ አላወቅሁም።

ኔዲያልኮ ብርጭቆውን አነሣ። ንግግር አያውቅም፤ ዓመት ሙሉ ከግድግዳ ጋር የሚያወራ ሰው ነው። «እኔ» አለ፣ «ከስምንተኛ ነው ያቋረጥኩት። አባቴ ከአራተኛ። የአባቴን አባት አልጠየቅሁም።» ሰዉ ሳቀ። «እንግዲህ ከቤታችን ወንዶች ትምህርቱን የጨረሰ የመጀመሪያው ሰው ዛሬ በዚህ በር ይወጣል። ሌላ የምለው የለኝም» አለና ድምፁ ተሰበረበት። ስቴፍካ እንኳ አለቀሰች። እኔ ትሪውን በሩ ላይ፣ ማለቴ ጠረጴዛው ላይ፣ አስቀመጥኩት።

አማቴ ከመዳብ የተሠራች እንስራ ውሃ ሞልተው፣ አንድ ቀይ አበባ ጣል አድርገውባት መጡና የበሩ ደፍ ላይ አኖሯት። ድሮ የሙሽራ ወግ ነበር፤ አሁን ለተማሪም ሆኗል። የሚወጣው ሰው በቀኝ እግሩ ይመታታል፣ ውሃው ይፈሳል፣ መንገዱም እንደ ውሃው ይቀናለታል። ከበሮው አጓራ። ፎቶ አንሺው ተንበረከከ። ቲሆ እግሩን አነሣ፤ አየር ላይ ቆየ፤ መልሶ አወረደው። ጎንበስ ብሎ እንስራዋን ጠብታ ሳያፈስ በሁለት እጁ አነሣና ለአያቱ ሰጣቸው።

«አያቴ፣ ይህቺ ትቆየኝ።»

«ጫማው ይታጠባል ልጄ፣ ምታት ዝም ብለህ!» አሉ አማቴ።

«ለጫማው አይደለም። አባዬ...» አለ። ፊቱ የነጭ ሸሚዙን ቀለም መስሎ ነበር። «አባዬ፣ የማክሰኞውን ፈተና አልተቀመጥኩም። አልጨረስኩም።»

መጀመሪያ ከበሮው ዝም አለ። ክላርኔት ነፊው ዓይኑን ጨፍኖ ስለነበር ብቻውን ትንሽ ነፋና እሱም ተወው። ኔዲያልኮ ብርጭቆው በእጁ ነው። «እንዴት አልተቀመጥክም?» አለ፤ ቁጣ የለበትም፣ በእርግጥም አልገባውም። «ፈራሁ» አለ ቲሆ። ስቴፍካ ኤንቬሎፑን ቀስ አድርጋ ወደ ቦርሳዋ መለሰችው፤ ዚፑ ሲዘጋ ሰማሁት። አማቴ እንስራዋን ደረታቸው ላይ ይዘው አማተቡ። ባሌ በጉን አየ፣ ነጭ የለበሰውን በር አየ፣ ሙዚቀኞቹን አየ፣ እኔንም አየኝ፤ ካየኝም በኋላ እንደማውቅ አወቀ።

«መኪናዋ በሰዓት ነው የምትከፈለው» አለው። «ሂድ።»

ቲሆ አልተንቀሳቀሰም።

«ሂድ አልኩህ እኮ! ሰው እየጠበቀህ ነው። ነገ እንነጋገራለን» አለና ክራባቱን በሻካራ ጣቶቹ አቃናለት። ልጁ ደረቁን ደፍ ተራምዶ ወረደ። ደረጃው ላይ ያሉት ጎረቤቶች ግራ ገብቷቸው ግማሾቹ አጨበጨቡ። ክላርኔት ነፊው ጠጋ ብሎ «እመቤት፣ እንቀጥል ወይስ እንሂድ?» አለኝ። «ተከፍሏችኋል፣ ንፉ!» አልኩት። ካፈርኩ አይመልሰኝ ነው። ንፉ ስል እንግዳውም ተንቀሳቀሰ፤ አንዱ «ነሐሴ ምን አላት፣ ነገ እኮ ናት» አለ፤ ሌላው ሰላጣውን ወደራሱ ሳበ። በጉም ተበላ። በጉ ምን አጠፋ?

ባሌን በረንዳ ላይ አገኘሁት። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፤ ነጯ መኪና ከመንገዱ ጥግ ታጥፋ ሄዳለች፤ እሱ ግን ወደዚያው ያያል። ይጮህብኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር።

«መቼ አወቅሽ?»

«ጠዋት። ጸጉር ቤት።»

«አውቀሽ ነው ቀኑን ሙሉ ስታበስዪ የዋልሽው?»

«ሰው ተጠርቷል» አልኩት። ሊስቅ ፈልጎ አልሆነለትም። የብረቱን አጥር በጣቱ እየቧጠጠ ቆየ። ከኋላችን ከበሮው ይደለቃል።

«አለቃዬን ፈቃድ ስጠይቀው ለምን ነው አለኝ» አለ። «ልጄ የምረቃ ጭፈራ አለበት አልኩት። አራት ቀን ሰጠኝ፤ ደግ ሰው ነው። ማክሰኞ ልጄ ይፈተናል፣ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ላደርሰው ብዬው ቢሆን ኖሮ ይሰጠኝ ነበር። አልጠየቅሁትም። ይህን ሁሉ ዓመት ለጭፈራው ስቆጥብ፣ ለፈተናው መምጣት በሐሳቤም ውል ብሎ አያውቅም።» ከዚያ ወደኔ ዞረ። «ነሐሴ ውስጥ ፈተናው በስንተኛው ቀን ነው?»

አፌን ከፈትኩ። መኪናዋ የምትመለስበትን ሰዓት አውቃለሁ፤ አዳራሹ የሚዘጋበትን አውቃለሁ፤ ሱፉ መቼ እንደተገዛ፣ በጉ መቼ እንደታረደ አውቃለሁ።

«አላውቅም» አልኩት። «እኔም አልጠየቅሁትም።»